አሥራ ሁለት ቦኮላ ወደ ዴንማርክ

ተስፋነሽ ቱፋ የቶርኖ ባለሙያ ናት። ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከጎሚስታው አጠገብ ባለች የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ትሠራለች። የሥራ ቤቷ የኪራይ ናት፤ ቶርኖው ግን የራሷ ነው። ቶርኖ ብረት እያሽከረከረ በስለት የሚልግ ማሽን ነው። የሷ ርዝመቱ ሁለት ሜትር ያልፋል፤ አረንጓዴ ቀለሙ እጅ በሚነካው በኩል ሁሉ ለቅቋል።

ማሽኑን የገዛው ባሏ ይስሃቅ ነው። ይስሃቅ ታናሽ ወንድሜ ነበር። እዚህ የምጽፈው እሱ በሞተ በሁለተኛው ዓመት የሆነውን ነው።

ሥራውን እሱ አስተማራት ቢባል ግማሽ እውነት ነው። እንደተጋቡ ሰሞን ምሳ ታመጣለት ነበር። ቆይቶ ምሳውን አስቀምጣ ቆማ ማየት ጀመረች። አንድ ቀን ይስሃቅ አንዲት ቦኮላ ሠርቶ ሊጨርስ ሲል፣ «ይቺ አትገባም» አለችው። ቦኮላ ማለት ዘንግ ውስጧ ገብቶ የሚሽከረከርባት የነሐስ ቀለበት ናት። እሷ እየተበላች ዘንጉን ታተርፋለች።

«በምን አወቅሽ?» አላት።

«በድምጿ።»

ሞከራት፤ አልገባችም። ከዚያ ቀን በኋላ ትንንሾቹን ዕቃዎች የምትሠራው እሷ ሆነች። ይህን ግን ከቤተሰብ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ደንበኛ የሚያናግረው ይስሃቅን ነው፤ ዕቃውን የሚረከበውም ከይስሃቅ እጅ ነው።

ስለዚህ እሱ ከሞተ በኋላ ገበሬው በር ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ ያያል።

«ሰው የለም?»

«እኔ አለሁ።»

«አይ፣ የሚሠራ ማለቴ ነው።»

«እኔ ነኝ የምሠራው።»

«እሺ፣ እመለሳለሁ» ይልና አይመለስም። ደግሞም አዳዲሶቹ ኮምባይነሮች መለዋወጫቸውንና መካኒካቸውን ይዘው ነው አጨዳ የሚገቡት። አሮጌዎቹ በየጓሮው ቆመዋል። በዚህም በዚያም ሥራው ቀጠነ። ኪራዩ ግን አልቀጠነም።

በሰኔ መጀመሪያ ኢርሻድ የሚባል ነጋዴ ከአዳማ መጣ። ያገለገለ ማሽን እየገዛ የሚሸጥ ሰው ነው፤ ጨዋ ነው፤ ዋጋም አላሳነሰም። ቶርኖውን እየዞረ አየውና፣ «እህቴ፣ ማሽን ሳይሠራ ሲቀመጥ ይዝጋል» አላት።

«በየቀኑ ዘይት እቀባዋለሁ።»

«የማሽን ዘይቱ ሥራ ነው።»

እኔም ሽጪው ብያታለሁ። አልደብቅም። በገንዘቡ ሱቅ ብትከፍት ይሻላታል ብዬ አሰብኩ። እሷ እኔን አንድ ጊዜ አየችኝና ወደ ኢርሻድ ዞረች።

«እስከ ጳጉሜን ሁለት ይጠብቁኝ። እስከዚያ ቶርኖው በራሱ ሥራ ራሱን ማኖር ካልቻለ፣ ጳጉሜን ሁለት ጠዋት መኪና ይዘው ይምጡ፤ የእርስዎ ነው።»

ኢርሻድ ለቀብድ የሚሆን ብር አወጣ። በሁለት እጇ መለሰችለት።

«ቃሌ ይበቃዎታል። ቀብድ ከተቀበልኩ እጄ ይሰንፋል።»

የመኖሪያ ግቢዋ ውስጥ ካሉት ክፍሎች አንዷን የተከራየው ነህምያ የሚባል የእንግሊዝኛ መምህር ነው። የሆሳዕና ሰው ሲሆን መንግሥት አሰላ የመደበው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ይሄ ነህምያ ስልኩ ላይ የማያየው ነገር የለም። በዚያው ወር፣ በአንዱ ማለዳ ስልኩን ይዞ ወደ ሥራ ቤቷ መጣ።

«እትዬ ተስፋነሽ፣ ይቺን ያውቋታል?»

እጇን በጨርቅ ጠርጋ አየች። የተበላች ቦኮላ ፎቶ ነው።

«የማውቃት! ይቺማ የኮምባይነሩ ገለባ ማራገፊያ ላይ የምትገባው ናት። አሮጌው ቀዩ ኮምባይነር። ከየት አመጣሃት?»

«ዴንማርክ ያለ ሰው ነው። ሄኒንግ ይባላል፤ ገበሬ ነው። የአሮጌ ኮምባይነር ባለቤቶች ተሰብስበው የሚጽፉበት ቦታ አለ። ፋብሪካው መሥራት ካቆመ ሃያ ዓመት አለፈው፣ በየአገሩ ፈልጌ አጣሁ ነው የሚለው።»

«ፋብሪካው ቢያቆም እኛ መቼ አቆምን?» አለች።

እውነቷን ነው። ያ ማሽን አርሲ ከገባ አርባ ዓመት ይሆነዋል። አዲስ መግዛት ለማይችል ገበሬ ደግሞ ማሽን አያረጅም፤ ይጠገናል። ተስፋነሽ ያንን ቦኮላ ስንት ጊዜ እንደሠራችው አታስታውስም።

ነህምያ ጻፈለት። ሰውየው በማግስቱ መለሰ፤ አሥራ ሁለት እፈልጋለሁ፣ ስንዴዬ በሐምሌ መጨረሻ ለአጨዳ ይደርሳል አለ። ልኩንም በሚሊ ሜትር ጽፎ ላከ። ተስፋነሽ ወረቀት ላይ አስገለበጠችውና ለብዙ ጊዜ አየችው።

«ይሄ ልክ የታመመ ነው።»

«ሰውየው በጥንቃቄ ነው የለካሁት ይላል።»

«ይለካላ። የለካው ግን የተበላውን ነው። ዘንጉም ተበልቷል፣ ቦኮላውም ተበልቷል። በዚህ ልክ ብሠራለት እሱ ራሱ ተነቃንቆ ሁለት ሳምንት አይቆይም።»

«እና ምን እንበለው?»

«ምንም አትበለው። ዲክሲስ ሄጄ እመጣለሁ።»

አብሬያት ሄድኩ። ዲክሲስ አቶ ቦና የሚባሉ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ገበሬ አሉ። ያ ቀይ ኮምባይነር ጓሯቸው ውስጥ ቆሟል፤ ዶሮዎች መሰላሉ ላይ ይሰፍራሉ። አካም ጅርታ ተባብለን ወተት ከቀረበ በኋላ ተስፋነሽ የመጣችበትን ነገረቻቸው። አቶ ቦና ሳቁ።

«ቆይ እስቲ። ማሽኑን ሠርተው የላኩልን እነሱ። አሁን አንቺ ሠርተሽ ልትልኪላቸው?»

«አዎ አባባ።»

«ዓለም ተገለበጠ በይኛ!»

«ዓለም አልተገለበጠም። ዕቃው ነው ያለቀባቸው።»

«በይ ለኪ፤ ዶሮዎቹን ብቻ እንዳታስበረግጊብኝ።»

ከኮምባይነሩ ሥር ገባች። ከዘንጉ ጫፍ ቦኮላ የማይነካው አንድ ጣት የሚሆን ቦታ አለ፤ እዚያ ዘንጉ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። እሱን ሦስት ጊዜ ለካችው። ሄኒንግ ከላከው ልክ ጋር ያለው ልዩነት ከአንዲት ፀጉር ብዙም አይወፍርም። ልትወጣ ስትል ግን ቆመችና አሮጌዎቹን ቦኮላዎች በጣቷ ዳሰሰች።

«እነዚህን የሠራልኝ ባለቤትሽ ነው» አሉ አቶ ቦና። «ነፍሱን ይማር። አሥራ አንድ ዓመታቸው። የሱ እጅ ነበር እጅ ማለት።»

«እነዚህን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለች ከሥር።

አቶ ቦና ወደ እኔ አዩ።

«የቦኮላዎቹን ከንፈር፣ ጠርዛቸውን ይዩት» አልኳቸው። «ይስሃቅ በአንድ በኩል ብቻ ነበር የሚያለዝበው። በሁለቱም በኩል የምታለዝበው እሷ ናት።»

እኚህ ሽማግሌ እያቃሰቱ ጎንበስ አሉና በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ ጉልበታቸውን ይዘው ቀና አሉ።

«አሥራ አንድ ዓመት ስንዴዬን የሰበሰብኩት በአንቺ እጅ ነው በይኛ» አሉ። «ለዚያ ሰውዬ ልኩ የተወሰደው ከቦና ማሽን ነው ብለሽ ጻፊለት። ዲክሲስ በይው። እንዳትረሺ።»

ነህምያ ጻፈለት። ሄኒንግም እሷ ባለችው ቦታ ላይ ሄዶ ደግሞ ለካና፣ ልክ ናት፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ብሎ መለሰ።

ቦኮላውን መሥራቱ ሁለት ቀን ፈጀ። ገንዘቡን መቀበሉ ግን አንድ ወር ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ሄኒንግ በስልኬ አሁኑኑ ልላክልሽ ብሎ ነበር፤ የነሱ ስልክ መላኪያ ግን እዚህ ያለ አካውንት አይደርስም። ስለዚህ ባንክ ሄደች። የውጭ ገንዘብ የምትሠራው ሰኪና የምትባል ልጅ ናት፤ ረጋ ብላ የምታስረዳ።

«እትዬ፣ መጀመሪያ ዋጋና ብዛት የተጻፈበት ፕሮፎርማ እናዘጋጃለን። ሰውየው በሱ መሠረት ከባንኩ ይልካል። ገንዘቡ ሲገባ ዕቃውን ለመላክ የሚያስፈልገውን ወረቀት እንሰጥዎታለን። ከዚያ በፊት ዕቃው እንዳይንቀሳቀስ። ንግድ ፈቃድዎ ላይ ደግሞ ወደ ውጭ መላክ የሚል የለም፤ ያስጨምሩ።»

«ለአሥራ ሁለት ቦኮላ?»

«ለአንዷም ያው ነው።»

ከቢሮ ቢሮ ስትሄድ ሰነበተች። አንዱ ጋ ፊርማ ይጎድላል፣ ሌላው ጋ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው። አንድም ቀን ስታማርር አልሰማኋትም፤ ጃንጥላዋን ይዛ ትወጣለች፣ ጃንጥላዋን ይዛ ትመለሳለች። ሄኒንግም በበኩሉ፣ ለባንክ የከፈልኩት የሦስት ቦኮላ ዋጋ ያህላል፣ ስንዴዬ መሬት ላይ ከሚቀር ግን ይሻላል ብሎ ጻፈ። ገንዘቡም ገባ።

ይህ ገንዘብ ሲገባ አንድ ነገር ከነከናት። በእኛ አገር ገበሬው ቦኮላውን ይወስዳል፣ ይገጥማል፣ ማሽኑ ሲሄድ አይቶ ይከፍላል። ሄኒንግ ግን ቀድሞ ከፈለ።

«ሳያየኝ ከፈለ» ትለኛለች። ሻይ ስንጠጣም፣ ከጸሎት ቤት ስንወጣም፣ «ጋሼ፣ ሳያየኝ'ኮ ነው የከፈለው።»

«ነጋዴ እንዲህ ነው የሚሠራው» እላታለሁ።

«ቢሆንም።»

ሳጥኑን ስታሽግ አጠገቧ አልነበርኩም። እያንዳንዷን ቦኮላ በዘይት ወረቀት ጠቅልላ ደርድራ ፖስታ ቤት አስገባች። በአምስተኛው ቀን ከአዲስ አበባ፣ ከጉምሩክ ስልክ ተደወለ፤ ዕቃው ሲፈተሽ ብዛቱ ከወረቀቱ ጋር አልተገናኘም፣ ላኪዋ ራሷ ትቅረብ ተባለ። ሐምሌ አሥር ሆኗል። ሄኒንግ ስንዴው ቢጫ ሆነ ብሎ ፎቶ ልኳል።

በሌሊት ተነስታ ሄደች፤ የሆነውን የነገረችኝ ስትመለስ ነው። ፈታሿ ዩኒፎርም የለበሰች ጠና ያለች ሴት ናት። ሳጥኑን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ ደርድራዋለች።

«ወረቀቱ አሥራ ሁለት ይላል። እዚህ ያለው አሥራ ሦስት ነው» አለቻት።

«አዎ።»

«ተሳስተው ነው?»

«አልተሳሳትኩም። አንዷ ምራቂ ናት።»

«ምን?»

«ምራቂ። አሥራ ሁለት ለገዛኝ ሰው አንድ እመርቅለታለሁ። ሁልጊዜ ነው።»

ከወዲያኛው ጠረጴዛ አንድ ወጣት ሠራተኛ ሳቁ አመለጠው። «ቲማቲም መሰላት እንዴ!»

«ቲማቲም ላይ የሚመረቅ ነሐስ ላይ ለምን ይቀራል?» አለችው ተስፋነሽ ዞራ። «ደግሞ ቲማቲሙን የገዛኸው አይተህ ነው። ይሄ ሰው ሳያየኝ ነው የከፈለኝ። እንዴት አድርጌ ደረቅ አሥራ ሁለት ልላክለት?»

ልጁ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። ፈታሿ ግን ብዕሯን አስቀመጠችና አየቻት።

«እህቴ፣ እኔ እንደ ሰው ገብቶኛል። እኔም ምራቂ ካልተጨመረልኝ ሽንኩርት አልገዛም። ወረቀት ግን ምራቂ አያውቅም። እዚህ ያለውና እዚያ የሚደርሰው ካልተገናኘ፣ እዚያ ደግሞ ሰውየው ይጉላላል። ወይ አሥራ ሦስት የሚል ወረቀት አሠርተው ይምጡ፣ ወይ አንዷን ያውጡ።»

«ወረቀቱ ስንት ቀን ይፈጃል?»

«እርስዎ ያውቁታል።»

ታውቀዋለች። ስንዴው ደግሞ አይጠብቅም። አንዷን አነሳችና ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረቻት። ሳጥኑ እዚያው ፊቷ ታሸገና ሄደ።

ከመናኸሪያ ስቀበላት መጀመሪያ የነገረችኝ፣ «ጋሼ፣ ደረቅ አሥራ ሁለት ነው የሄደለት» ብላ ነው። የባሰ መስሎኝ ደንግጬ ነበር።

ነህምያ ነገሩን ሲሰማ ሳቀ፣ ከዚያ ተስፋነሽ ቦኮላዋን መዳፏ ላይ አስቀመጠችና እሱ ፎቶ አነሳት። ለሄኒንግ የተላከው መልእክት አጭር ነው፤ ቃሉ የራሷ ነው፦ «ይቺ የአንተ ናት። እኛ አገር አሥራ ሁለት ለገዛ አንድ ይጨመርለታል። ወረቀት አላሳለፋትም። ይቅርታ አድርግልኝ።»

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። ኢርሻድ በመሀሉ ደውሎ ሰላም አላት፤ ስለ ቶርኖው ምንም አላነሳም፣ ሁለታችንም ግን ለምን እንደደወለ ገብቶናል።

በሐምሌ ሃያ ስምንት ቪዲዮ መጣ። ሄኒንግ ሽበታም ረጅም ሰው ነው፤ ኮምባይነሩ ስንዴ መሀል ቆሟል። አስነሳው። ነህምያ ስልኩን ወደ ተስፋነሽ ቢያዞረውም አላየችም። ዓይኗን ጨፍና ጆሮዋን አስጠጋች።

«እትዬ፣ ይዩት እንጂ! እየሄደ ነው!»

«ዝም በል። ድምጹን ጨምረው።»

ጨመረው። ገለባ ማራገፊያው ወዲያና ወዲህ እያለ ይንኳኳል። እኔ ጫጫታ ብቻ ነው የሰማሁት። እሷ እስኪያልቅ ሰማችና ዓይኗን ገለጠች።

«ገብታለች» አለች። «አሥራ ሁለቱም።»

ሄኒንግ ስንዴውን በስድስት ቀን ሰብስቦ ጨረሰ። ከዚያ ያን የመዳፏን ፎቶና መልእክቷን የአሮጌ ኮምባይነር ባለቤቶች በሚጽፉበት ቦታ ላይ ለጠፈው፤ ከሥሩም ቦኮላዎቹ እንዴት እንደሠሩለት አስረዳ። ነህምያ የሰዎቹን አስተያየት እየተረጎመ ያነብልን ነበር። አንዱ ስኮትላንዳዊ፣ የእኔ ዕቃ አቅራቢ ከአሥራ ሁለት አሥራ አንድ ነው የሚልክልኝ፣ የዚችን ሴትዮ አድራሻ ስጡኝ አለ። ከስዊድን፣ ከጀርመን፣ ከዚያው ከዴንማርክ ጠየቁ። በሳምንት ውስጥ አሥራ አንድ ሰዎች ሆኑ።

ችግሩ ክፍያው ነው። አሥራ አንድ ሰው ለየብቻው በባንክ ቢልክ የባንኩ ክፍያ ገንዘቡን ይበላዋል፤ ለአንዳንዱ ከዕቃው ይበልጥበታል። ነህምያ ቁጭ ብሎ ሲያሰላ ቆየና ራሱን ነቀነቀ። «አያዋጣም እትዬ። ብዙዎቹ ይተዉታል።»

ተስፋነሽ ነሐስ እየቆረጠች ነበር። ሳትዞር፣ «ዳኛ የላቸውም እንዴ?» አለች።

«የምን ዳኛ?»

«እንደ እቁብ። አንድ ሰው ይሰብስብላቸው። ሁሉም ለሄኒንግ ይስጡት፣ እሱ ባንድ ይላክልኝ። እኔም ዕቃውን ባንድ ሳጥን ለሱ ልላክ፣ እሱ ያከፋፍል። እርስ በርሳቸው ቅርብ አይደሉ?»

ነህምያ አየኝ፤ እኔም አየሁት። ሄኒንግ ሲጻፍለት በደስታ ተቀበለ። ሥራው በደርዘን ተቆጥሮ አሥራ ሦስት ደርዘን ሆነ።

ባንክ ስትመለስ ሰኪና ፕሮፎርማውን እየጻፈች፣ «መቶ ሃምሳ ስድስት ፍሬ» አለች።

«ከሥሩ ሌላ መስመር ጨምሪበት። አሥራ ሦስት ፍሬ፣ ዋጋ የለውም።»

«ምን ልበለው? ናሙና ልበለው?»

«ናሙናማ ለማያውቅሽ ሰው ነው። እነዚህ ያውቁኛል።»

«ታዲያ ምን ይባል?»

«ምራቂ በይው።»

ሰኪና አንገቷን ቀና አድርጋ አየቻትና ሳቋን ዋጠች። ከዚያ በላቲን ፊደል ጻፈችው፣ ከጎኑ በእንግሊዝኛ ያለ ክፍያ የሚጨመር ብላ አስረዳች። ሥራ አስኪያጁ ለብዙ ጊዜ አየው አሉ፤ ፈረመ።

በዚሁ ሰሞን ከዲክሲስ ሁለት ገበሬዎች መጡ። በር ላይ ቆመው አንደኛው፣ «ለዴንማርክ የምትልከው ሴትዮ የት ናት?» አለ።

«እኔ ነኝ።»

«አቶ ቦና ናቸው የላኩን» ብሎ ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰበረ ዘንግ አወጣ። «ከሷ እጅ ሌላ እንዳታስነኩ ብለውናል።»

ከነሱ በኋላ ከአርቦዬ፣ ከበቆጂም መጡ። ይህ ሁሉ ግን የክረምት ሥራ ነው፤ የወር ኪራይ እንኳ አይሞላም። ቶርኖውን የሚያቆየው የነሄኒንግ ክፍያ ነው። ነሐሴ አለቀ፤ ክፍያው አልገባም። አንዱ ጀርመናዊ ዘግይቶ፣ ሄኒንግ እሱን እየጠበቀ፣ ገንዘቡ የተላከው ነሐሴ ሃያ ስምንት ነው። ጳጉሜን አንድ ባንክ ሄደች፤ የለም። ሰኪና፣ «መንገድ ላይ ነው እትዬ» አለቻት።

ጳጉሜን ሁለት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ኢርሻድ አይሱዙ መኪና ይዞ ደረሰ። አራት ሰዎች፣ ወፍራም ገመድና ማንከባለያ ቧንቧዎች ይዟል። ዝናብ ይዘንባል። ነህምያ ለተማሪ ምዝገባ ትምህርት ቤት ነው። እኔ ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ነኝ።

ተስፋነሽ ነጠላዋን እያስተካከለች ወጣች።

«ደህና አደሩ አቶ ኢርሻድ። ቃሌ ቃል ነው። ባንክ ደርሼ እመለሳለሁ፤ እስከዚያ ቡሎኖቹን ይፍቱ።»

«እህቴ፣ ካልሽ እንጠብቅሽ።»

«አይጠብቁ። ገና ብዙ መንገድ አለባችሁ።»

ጃንጥላዋን ዘርግታ ሄደች። ሰዎቹ ሥራ ጀመሩ። ቶርኖው በአራት ቡሎን ከሲሚንቶው ጋር ታስሯል። ያሰረው ይስሃቅ ነው፤ ያን ቀን ሲሚንቶውን ያቦካሁት እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ቡሎን አስቸገራቸው፤ ዘይት አፍስሰው፣ ቁልፉ ላይ ቧንቧ ጨምረው ሁለት ሰው ተጫነው። ጮኸና ለቀቀ። ሁለተኛው ለቀቀ። ኢርሻድ አጠገቤ ቆሞ፣ «ጥሩ አድርጎ ነው ያሰረው» አለኝ። አዎ አልኩት። ሦስተኛውም ለቀቀ።

አራተኛው ላይ ቁልፉን ሲያስገቡ በመንገዱ ማዶ አየኋት። አትሮጥም። ጃንጥላዋ ታጥፎ ብብቷ ሥር ነው፤ ዝናቡ ራሷ ላይ ይወርዳል። አረማመዷን አይቼ ምን ይዛ እንደመጣች ማወቅ አልቻልኩም። መኪና አሳልፋ፣ ጎርፉን ተራምዳ ገባች።

«አቶ ኢርሻድ፣ ስንት ፈታችሁ?»

«ሦስት።»

«ሦስቱን መልሱልኝ።»

ከቀሚሷ ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣችና ሰጠችው። ኢርሻድ መነጽሩን አድርጎ አነበበው። ከላይ ወደ ታች፣ ደግሞ ከላይ። ሰዎቹ ቁልፋቸውን ይዘው ቆመዋል።

«ይሄ ከውጭ የገባ ነው?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«ለቦኮላ?»

«ለቦኮላ።»

«ቻይና የለም እንዴ? ከአሰላ የሚገዙት ለምንድነው?»

«ቻይና ማሽኑን አታውቀውም። እኔ አውቀዋለሁ።»

ኢርሻድ መነጽሩን አወለቀ። መጀመሪያ የተቆጣ መሰለኝ። «አራት ሰው ይዤ፣ አይሱዙ ተከራይቼ፣ በዝናብ ከአዳማ እዚህ ድረስ! አሁን ባዶ መኪና ይዤ ልመለስ?»

«ነሐስ አለዎት?»

«የምን ነሐስ?»

«ዘንግ ነሐስ። ድፍን፣ አርባ ሚሊ። ያለኝ ለሃያ ቦኮላ እንኳ አይበቃኝም። የምሠራው መቶ ስልሳ ዘጠኝ ነው። በሳምንት ውስጥ ካመጡልኝ ከእርስዎ ነው የምገዛው፤ ካላመጡልኝ አዲስ አበባ እወርዳለሁ።»

ሰውየው አፉን ከፍቶ አያት፣ ከዚያ ሳቁ መጣ። ሳቁ የሚያቆም አልነበረም፤ ሰዎቹም ተከትለውት ሳቁ።

«ማሽን ልገዛት መጥቼ ዕቃ ልትገዛኝ ነው! አለኝ እህቴ፣ አለኝ። አርባ ሚሊ አለኝ። በሦስት ቀን አመጣልሻለሁ።»

«ዋጋውን ሳንስማማ አይጫኑ።»

«እሺ፣ እሺ።» ወደ ሰዎቹ ዞረ። «ምን ትገተራላችሁ? እሰሩላት እንጂ!»

ሁለቱን ቡሎኖች እነሱ መለሱ። ሦስተኛውን፣ በግድግዳው በኩል ያለውን፣ እኔ ያዝኩት። ሽጪው ካሏት ሰዎች አንዱ ነኝና ቁልፉን ለሌላ ሰው መስጠት አልፈለግሁም። ዳዶውን አስገብቼ ማዞር እንደጀመርኩ ቶርኖው ከላዬ ጮኸ። አስነስታዋለች።

«ቆይ እንጂ!» አለ ከኢርሻድ ሰዎች አንዱ። «አልታሰረም'ኮ!»

«አራተኛው አልተፈታም» አለች። «እሱ ይዞታል። ጋሼ፣ እጅዎን ብቻ ይጠብቁ።»

ነጠላዋን አውልቃ ምስማር ላይ ሰቀለች። ካላት ነሐስ አንዱን አስገብታ አጠበቀች፣ ስለቱን አስጠጋች። ቢጫው ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ እግሬ ሥር ይወርድ ጀመር። ኢርሻድ ለመሄድ ተነስቶ ሳለ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ቡሎኑን እስከ መጨረሻው አጠበቅሁት፤ ከወለሉ ተነስቼ ጉልበቴን ሳራግፍ ቦኮላዋ ተቆርጣ ሳህኑ ላይ ወደቀች። ተስፋነሽ አነሳቻት፣ ለካቻት፣ ከንፈሯን በሁለቱም በኩል አለዘበች፣ ጨርቁ ላይ አስቀመጠቻት።

«አንድ» አለች።